አሥራ ዘጠኝ ሚሊ

የሦስት ወር የዓሣ ፔሶ፣ ለመረብ ያስቀመጥነውን፣
ክሪስፒን ወንድሜ ነው በአንድ ጠዋት የጨረሰው።
ሴቡ ከተማ ተሻግሮ፣ ከአሮጌ ብረት ሻጭ ደጅ፣
ካርቡሬተር ይዞ መጣ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደ ልጅ።

«ሠላሳ ሚሊ ነው!» አለን፣ አፉን በአውራ ጣቱ ለክቶ፣
«ከትልቅ ሞተር ብስክሌት ነው፤ ባለቤቱ ገደል ገብቶ።»
እናቴ መረቡን አየች፣ ግድግዳው ላይ የተቀደደውን፣
ምንም አልተናገረችም፤ ሩዙን አማሰለች፣ የማይማሰለውን።

ጀልባችን ቀጭን ናት፤ ክንፎቿ ሁለት ቀርከሃ፣
ሞተሯ ድሮ በሩዝ ማሳ ይስብ የነበር ውሃ፤
ባለ አንድ ፒስተን፣ ሲነሣ እንደ ሽማግሌ የሚያስል፣
ከሞቀ ግን እስከ ማታ ሳያጉረመርም የሚያገለግል።
የሳን ሮኬ በዓል ደርሶ የጀልባ እሽቅድድም አለ፣
«አየር ማለት ጉልበት ነው» እያለ ክሪስፒን ማለ።

ቡሎኑ እምቢ ሲለው ቀዳዳውን ቦርቡሮ አሰፋ፣
ጓርኒሲዮን ከጫማ ሶል ቆረጠ፣ ምላሱን አውጥቶ በተስፋ።

ገመዱን ሳበ። ተነሣ።
በሙሉ ጋዝ ጮኸ፣ አገሳ።
ዶሮዎች ከጣሪያ ዘለሉ፣
ልጆች «ዋንጫ! ዋንጫ!» አሉ።
ጋዙን ቀንሶ መልሶ ሲሰጠው ግን ትን አለው፣
ትንፋሹን ዋጠው፣ ቆመ።
ካንዴላው ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ ረጥቦ ቤንዚን የሚሸት፤
ክሪስፒን ጂግለር ቀየረ፣ ደግሞ ቀየረ፣ እስከ ሌሊት።

ኤስትሬሊታ አልሳቀችም። ሁለት ጣቶቿን ለቺንጋ
ከከፈለች ወዲህ ታውቃለች፣ የስሕተትን ዋጋ።
ብርጭቆ ውሃ ውስጥ መምጠጫ ቀጥ አድርጋ አቆመች፣
«በዚህ በቀጭኑ ቱቦ፣ በጫፉ ላይ እፍ በል» አለች።
እፍ አለ። ውሃው ሽቅብ በመምጠጫው ወጣ፣
ጉም ሆኖ በመነጽሯ ላይ መጣ።
«አሁን ደግሞ በዚህ» ብላ ክንድ የሚያህል ቀርከሃ ሰጠችው፤
ጉንጩ እስኪቀላ ነፋ። ውሃውን አላስነቃው።

«ሞተርህ የሚስበው አየር የሳንባውን ያህል ብቻ ነው፤
በሩን ስታሰፋበት ጊዜ ነፋሱን አዘናጋኸው።
ቤንዚን ሰነፍ ነው፤ በሩጫ ካልነጠቁት አይነሣም፤
ጠብ ጠብ ይላል እንጂ፣ ተለምኖ ጉም አይሆንም።»

ማኒፎልዱን ፈታች ደግሞ፤ በተረፏት ጣቶች ዳብሳ
«እዚህ ደረጃ አለ» አለች፣ መብራት እንኳ ሳታነሣ፤
«እዚህ ጋ ክርን ሆኗል፤ ጉሙ በፍጥነት ሲታጠፍ
ግድግዳ ይመታል፣ ኩሬ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ አያልፍ።»

ከተሰበረ የተማሪ ወንበር የብረት እግር ቆረጠች፣
የባሕር ዳር አሸዋ አድርቃ እስከ አፉ ጠቀጠቀች፤
(ባዶውን ያጠፉት ቱቦ ጎኑ ይጨማደዳል)
በእሳት አቅልታ አጎበጠችው፣ ቀስ ብላ፣ ሰው ሲያረጅ እንደሚጎብጠው።
ለስንዝር ጥቂት ፈሪ። «ያጥር» አላት ክሪስፒን።
«አጭሩ ለእሽቅድድም ነው፤ ለኑሮ ረዘም ይበል።»

አሥራ ዘጠኝ ሚሊውን፣ የጣልነውን አሮጌ፣
እኔ ሮጬ አመጣሁት፣ ከዶሮ ቆጥ ሥር ፈልጌ።
የሁለቱን አፍ መጋጠሚያ ስትሞርድ ፀሐይ ጠለቀች።
«ያንቺ ቀጭን ነው፣ ጣትሽን ስደጂ እስቲ» አለች።
ሰደድኩ። አንዱ የት እንዳለቀ፣ ሌላው የት እንደ ጀመረ
ጣቴ ሊነግረኝ አልቻለም፤ ዝም ብሎ ተሻገረ።

በሳን ሮኬ ዕለት ከሰባት አራተኛ ወጣን፤
ዋንጫውን የበረዶ ነጋዴው ልጅ በአዲስ ሞተር ቀማን።
ክሪስፒን ሁለት ቀን ዝም አለ። እናቴ ሩዝ ጨለፈችለት፣
ከሁሉ የሚበልጠውን ዓሣ በላዩ ጣለችለት።

ኅዳር ላይ፣ በኮራሉ በር ስንገባ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣
ማዕበል ከኋላችን መጣ፣ እንደ ግድግዳ ተገትሮ።
ሞተሩ በዝግታ ነበር፣ እንቅልፍ እንደያዘው፤
ክሪስፒን ጋዙን ነካ። አልተንተባተበ። ታዘዘው።
ጀልባዋ አፍንጫዋን አነሣች። ያን የወንበር እግር ያዝኩት፤
ከባሕሩ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው፣ ቤንዚን ጉም የሚሆንበት።

ሠላሳ ሚሊው አሁን መስኮታችን ላይ ተሰቅሏል፤
ነፋስ ይገባበታል፣ ምንም ሳያነሣ ይወጣል።
ክሪስፒን አይሸጠውም። እኔም ሽጠው አልለው።
አንዳንዴ ያችኑ ጣቴን እከትበታለሁ፤
ግድግዳውን አትነካም።