ያልተመለሰች ቀበቶ

ከእናቴ አልጋ ሥር፥ ከብስኩት ቆርቆሮ
ያገኘሁት ፎቶ፥ ጠርዙ ተቦርቡሮ፤
ሦስት ወታደሮች አንድ ግንብ ተደግፈው፣
ሁለቱ ሲስቁ ጥርሳቸውን ገልጠው፣
መሐል ያለው ብቻ ከንፈሩን ገጥሞ
አሻግሮ ያያል፥
ከካሜራው ኋላ ሰው ያለ ይመስል ቆሞ።

«አጎትሽ ሽብሩ ነው» እየተባልኩ አደግሁ፤
«ካራማራ ቀረ» — ይህንንም ከስሙ ጋር አጠናሁ።
ተዝካሩ ወጥቷል።
ጠላው ተጠጥቷል።
አክስቴ አስካለ በየዓመቱ የካቲት
ጧፍ ታበራለታለች፥ አንዲት፥ ከማርያም ሥዕል ፊት።

ቡራዩ ወርጄ፥ ታጠቅ መገንጠያ፣
ከብሎኬት ማምረቻው፥ ከባጃጅ ማቆሚያ
ጥቂት ከፍ ብሎ፣
የሻምበል ባሻ ደቻሳ ግቢ በባሕር ዛፍ ተከልሎ።
ዐሥራ ስምንት ዓመት ግምጃ ቤት የሠሩ፣
ለስንት ሺህ ትከሻ ሸሚዝ የቆጠሩ።

መነጽራቸውን በሹራባቸው ጫፍ ጠርገው፣
ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው፣
ፊት አላዩም መጀመሪያ።
ከእግር ጀመሩ፤ ከጫማ ማሰሪያ።

«ጫማው የእኛው ነው፤ ዝናብ ሲነካው ሶሉ ይላቀቃል፤
ስንቱ እንደረገመኝ እግዜር ያውቃል።
የግራው ልጅ ኮት የሰው ነው፤ እጅጌው ጣቱን ውጦታል፤
ለፎቶ ብሎ ተውሶታል።
አየሽ ይህን ቁልፍ? ዘውድ አለበት። ‹ይፋቅ› ተብሎ ነበር፤ ጊዜ ማን አግኝቶ?
ስንቱ በሁለት መንግሥት ቁልፍ ሄደ ደረቱን ዘግቶ!
ቁልፍ ግን ዘመን አይነግርሽም፤ ካለቀ ልብስ ተፈትቶ
ሌላ ልብስ ላይ ይኖራል፥ ጌታውን ረስቶ።
ጨርቅ ነው የማይዋሽ...»

ጣታቸው መሐል ላይ ሲደርስ ቀዘቀዘ።
ዝም አሉ። ከውጭ ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ አቀበቱን ተያያዘ።

«ካራማራ ነው ያልሽኝ?»
«አዎ።»
«ይህ ዝንጉርጉር ጨርቅ፥ ዘንዶ ቆዳ የመሰለው፣
ከካራማራ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ነው
እጄ የገባው። ፈርሜ ተረክቤዋለሁ።
ላብ ሲነካው ቀለሙ ይለቅ ነበር፤ አንገት አረንጓዴ ያደርጋል፤ አስታውሳለሁ።»

ሰባት ዓመት።
ጧፍ ሲበራለት፣
ተዝካሩ ሲበላለት፣
እሱ የሆነ ቦታ — ናቅፋ ይሁን ከረን — አንገቱ በአረንጓዴ ላብ እየራሰ፣
ቀበቶውን አጥብቆ ለፎቶ አንሺ ለበሰ።
ታዲያ ይህ ፎቶ
እናቴ አልጋ ሥር በምን እግሩ ደረሰ?

ማን አመጣላት? መቼ? ከእህቷ ደብቃ
ስንት ሌሊት ተኛች በላዩ፥ ዐውቃ?
ለተዝካሩ ጌሾ የወቀጠች እሷ አይደለች?
ወይስ ፎቶው ኋላ መጣ፥ እሷም ጠላው ከተጠጣ ወዲህ አፈረች?

ሻምበል ባሻ ፎቶውን መለሱልኝ፤ መልሱን ግን አላወቁ።
«ፊት አላስታውስም፤ እኔ ቁጥር ነኝ» አሉ፥ ጥቂት ሳቁ።
«ቀበቶዋን ግን ዐውቃታለሁ፤ የነሐስ ዘለበት ያላት፤
ከአርባዎቹ አንዷ ናት።
ሠላሳ ዘጠኙ ገቢ ሆነዋል፤ አንዷ ቀርታለች።
መዝገቡን አይጥ በልቶታል፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ግን ዛሬም ክፍት ነች።
ልጄ፥ እኔ ዘንድ ሰው የሚሞተው ዕቃ ሲያስረክብ ነው፤
አጎትሽ ገና ባለ ዕዳ ነው።»

ወደ አስኮ በሚሄደው ታክሲ መስኮቱን ተጠግቼ
ሳለሁ፥ አክስቴ ደወለች፤ አነሳሁ፥ ትንሽ ዘግይቼ።
«የት ነሽ?»
«ቡራዩ።»
«ምን ልታደርጊ?»
«ቀበቶ ፍለጋ» አልኩ። የማን እንደሆነ አልጠየቀች፤
ስለ ጧፍ ዋጋ አወራች።
«ዘንድሮ ተወደደ» አለች። «አንዲቷ ትበቃዋለች፥ ምን ይላል?»

ዝም አልኩ።
ፎቶው ጉልበቴ ላይ ነው፤ አሁንም አሻግሮ ያያል።