መስመር መቶ አሥራ ሁለት

ስድስተኛ ፎቅ ነን። ፕሎቭዲቭ ጨልማለች፤
ማሪትሳ ከነጉሟ ከድልድይ ሥር አለች።
እኔ ኮምፒውተሬ ፊት እንደ ድስት ተጥጄ
ለአንድ ቀንድ አውጣ መንገድ እሠራለሁ በእጄ።

ጨዋታ ነው፤ የራሴ። ገና ስም የለውም።
ቀንድ አውጣው ይራመዳል፤ ወለሉ ግን አይችለውም፤
ሦስት እርምጃ ሄዶ ጎመኑ ጋ ይደርሳል፣
ከዚያ ስክሪኑን በስቶ ቁልቁል ይፈስሳል።
የት እንደሚያርፍ አላውቅም። ማቆሚያ አልጻፍኩለት።
ምናልባት እስካሁን እየወደቀ ነው፣ ከማክሰኞ ሌሊት።

ማሽኑን ራሴ ነኝ ገጣጥሜ ያቆምኩት፤
ግራፊክስ ካርዱን በቼሪ ነው የገዛሁት፦
አጎቴ ማሳ ላይ፣ ኪዩስተንዲል፣ ሰኔን ሙሉ
መሰላል ላይ ቆሜ፣ እጆቼ እስኪቀሉ።
ሳጥኑ የተጣለ ነው፤ ዲስኩን በልዋጭ ያገኘሁት፤
ኪቦርዱ ላይ «ሸ» ወልቃ፣ ጉድጓዷን በጥፍሬ ነው የምነካት።

ከግድግዳው ማዶ እህቴ ራሊትሳ ተከታታይ ፊልም ታያለች፤
አንዱ አንዱን በከዳ ቁጥር ከት ብላ ትስቃለች።
ፊልም ላይ የእኔ ቢጤ፣ ጥቁር ኮፍያ ለብሶ፣
አረንጓዴ ፊደል ያዘንብና ባንክ ከፍቶ ይወጣል፣ በአሥር ሰከንድ ጨርሶ።
እኔ? አራት ሰዓት ሙሉ ዓይኔን አፍጥጬ
አንዲት ነጠላ ሰረዝ ፈለግኩ፣ እግሬ እስኪደነዝዝ ተቀምጬ።
«መስመር መቶ አሥራ ሁለት» ይላል ስክሪኑ በቀይ።
ሄጄ አየሁት፤ ምንም የለም። ጥፋት እንዲህ ነው ወይ?
ማሽን አይዋሽም ይባላል። የሚያመውን ግን መች ያውቃል፤
ጥርሱን ያመመው ልጅ «ጆሮዬን!» እያለ እንደሚያለቅስ ያለቅሳል።

ካሎያን በጆሮ ማዳመጫው፦ «ግባ እንጂ! አንድ ሰው ጎደለን።»
ገባሁ። ሁለት ደቂቃ ሳንቆይ የኦስሎ ሕፃናት ጨረሱን።

ቅዳሜ ዕለት
ምድር ቤት ወረድኩ፣ ሽማግሌው ዝድራቭኮ ዘንድ።
ድሮ ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒውተር ይገጣጥም ነበር፤ ወሬውን እወዳለሁ።
አንዱን ከጓዳው አወጣ፤ ቢጫ ሆኗል፣ እንደ አሮጌ ጥርስ፤
ፕሮግራሙ ከካሴት ነው የሚነበብ፣ ሰባት ደቂቃ ነው እስኪጨርስ።
«አሁን ትሰማለህ» አለኝ። ቁልፉን ተጫነው፣ ቀጭ፤
ካሴቱ ጮኸ፣ ቢላ በቆርቆሮ ላይ ሲፋጭ።
«ይሄ ሮኬቱ ነው» ይላል፣ «ይሄኛው ደግሞ ኮከቡ ነው፤»
አንገቴን እነቀንቃለሁ። ምናልባት እውነቱን ነው።
አምስት ደቂቃ። ስድስት። ሰባት። ከዚያ «ስህተት» አለ ስክሪኑ።
ሮኬቱም ኮከቡም መንገድ ላይ ቀሩ፣ ባከኑ።

ካሴቱ ግን መሽከርከሩን አላቆመም።
ከጩኸቱ ጀርባ፣ ሳይጠፋ በቀረው ጥብጣብ ላይ
የሴት ድምፅ መጣ፤ ከሩቅ፣ ከወጥ ቤት መሰለኝ፦
«ዝድራቭኮ! ሾርባው ቀዘቀዘ። እየቀዳህ ነው እንዴ? ዝድራቭኮ!»
ከዚያ ማንኪያ። ከዚያ በር። ሌላ ምንም።

ላጠፋው እጄን ስልክ ክንዴን ያዘኝ፣ በቀስታ።
«ተወው» አለኝ።
«ተጭኗል።»

ስሟን አልጠየቅኩም። በሩ ጀርባ ካፖርት ተሰቅሏል፣ የሴት፤
ከኪሱ ብቅ ብሏል የአንድ እጅ ጓንት።
ካሴቱን አጠነጠነው። ሰባት ደቂቃ ጩኸት እንደገና ሰማን፤
እንደገና ስህተቱን፣ እንደገና ሾርባውን፣ እንደገና ማንኪያዋን።

አሁን ክፍሌ ነኝ። ዲስኬ አራት ቴራ ባይት፦
ሺህ ፊልም፣ ሺህ ጨዋታ፣ ግማሹን ያላየሁት፤
እናቴ «ያቮር!» ስትል ግን አንድም ቦታ የለችበት።

ወጥ ቤት ሳህን ይንኳኳል። «ያቮር! ራት!»
አፌ በልማዱ «አንዴ!» ሊል ተከፈተ፤ ዘጋሁት።
ስልኬን አነሳሁ። መቅጃው ላይ ቀይ ነጥብ አለች፤ ነካኋት።
«ያቮር! ስንቴ ልጥራህ?»
ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ፣ ቀንድ አውጣው ከስክሪኑ በታች
የትም ይሁን የት እየወደቀ።
ሦስተኛው ጥሪ ከነእርግማኑ መጣ።
እሱም ተቀዳ።