አንድ ቃል፣ አንድ ማንኪያ

በርገን ላይ ይዘንባል። ትናንትም ዘንቧል።
ነገም፣ ከነገ ወዲያም ይዘንባል ተብሏል።
ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከአሳንሰሩ ቀጥሎ፣
የወይዘሮ ቶርዲስ በር ይከፈታል ቀለል ብሎ።
ገንፎ ይዤ እገባለሁ፤
መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ የቅቤ ዓይን ያለው፣
የኛኑ የሚመስል፣ በርበሬ ብቻ የጎደለው።

ቶርዲስ ግን አትበላም።
ዘጠና አንድ ዓመቷ፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ዝም።
ባባብላት፣ ብለምን፣
ታያለች መስኮቱን።
ሐኪሙ በወረቀት ጽፏል፦ «አትገደድ።»
ልጇም ደወለ፦ «እንደ ወደደች ትሂድ።»

እኔም በዚያ ወራት፣ እውነቱን ልናገር፣
ጾም ሳይታወጅ ጿሚ ነበርሁ በዚህ አገር።
ስብከቱ ከስልኬ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣
አውቶብስ መጠበቂያ፣ እንቅልፍ ማምጫ፤
ድምፁ ይፈስሳል በአንዱ ጆሮ ገብቶ፣
በሌላው ይወጣል፣ መሰናበት ረስቶ።

አንድ ማክሰኞ ግን፣ ገንፎው እየቀዘቀዘ፣
እጄ ሳያስበው ያባቴን መጽሐፍ ያዘ።
ለእሷ ብዬ አይደለም። ለራሴም አልነበረ።
ዝምታው ከብዶኝ ነው፣ ደረቴ ላይ የሰፈረ።
በአማርኛ አነበብሁ፤ ስለ እረኛው፣ ስለ ውኃው፣
ጠላት እያየ ስለሚሰናዳው ማዕድ፣ ስለሚተርፈው ጽዋው።
ቀና ስል፣ ቶርዲስ አፏን ከፍታለች፤
እንደ ወፍ ጫጩት ወደ ድምፄ ዞራለች።
ማንኪያውን አስጠጋሁ። ዋጠች።
ሌላ ቁጥር አነበብሁ። ሌላ ማንኪያ ዋጠች።
ቃሉ ሲቆም ትቆማለች፤ ስቀጥል ትቀጥላለች።

ነርሷ ራንዲ ሳቀች፦ «ቋንቋሽን መቼ ሰምታ!»
መልስ አጣሁ። ማታ ግን፣ በባቡሩ፣ በጠብታ
በተሸፈነው መስታወት አንዲት ልጅ ታየችኝ፤ እኔው ነኝ፤
ካባቴ መቋሚያ ሥር፣ ብርድ እያንቀጠቀጠኝ፣
በግዕዝ ሲዜም፣ አንዱን ቃል ሳልሰማ፣
በባዶ ሆዴ ጠግቤ የምመለስ በጨለማ።

አማርኛ ብልህ ነው፤ ለሁለቱም አንድ ግሥ አለው፤
ድምፅ ደረሰኝ ሲልም፣ ገባኝ ሲልም «ሰማሁ» ነው።
እኔ የሚገባኝን ሳልሰማው ኖሬ፣
ያልገባትን ሰማችው እሷ፣ አልጋዋ ላይ፣ ዛሬ።

በጥር መጨረሻ ጉንፋን ድምፄን ወሰደው።
ገንፎ ይዤ ተቀመጥሁ፤ መጽሐፉ ዝግ ነው።
ማንኪያ ባነሣ፣ ከንፈሯ አልተላቀቀ፤
ጠበቀች፤ ጠበቀች፤ የቅቤው ዓይን ደረቀ።
ከዚያ ከውስጧ የሆነ ነገር ተቀሰቀሰ፤
ዓመት የተዘጋ ጉሮሮ ላላ፤ ምላስ ተላወሰ፤
በደሴቶቹ ዘዬ፣ በዓሣ አጥማጆቹ አንደበት፣
ካሥሩ ስምንቱ እኔን በሚያልፉኝ ቃላት፣
አንድ ነገር አለች፤ ዝግ ብላ፣ ሐረግ በሐረግ፤
ጸሎት ይሁን ምዕራፍ፣ አላውቅም፤ ምን ላድርግ?

እጄን ከነማንኪያው በሚንቀጠቀጥ እጇ ያዘችው፤
ወደኔ ገፋችው፤ ግማሹን ደረቴ ላይ ደፋችው።
አፌን ከፈትሁ።
ቀዝቅዟል። ጨው የለውም። ዋጥሁ።

«ምን አለችሽ?» አለች ራንዲ፣ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ።
ራሴን ነቀነቅሁ፤ ምን ይባላል፣ ሳይሰሙት ለተሰማ?
እዚህ ላይ ነበር፣ እንደ ልማዱ፣ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን»፤
ድምፅ የለኝ፤ ዝም ብለን የቀረውን ገንፎ ተካፈልን።