ይዞ መልቀቅ

ከኮምቦልቻ ወዲያ ሐረጎ ሲጀመር፣
ሽቅብ አልሄድ ብላ ቆመች መንገዱ ዳር፤
የነጋድራስ ጣሰው ጥቁሯ መኪና፣
ሞተሯ እያገሳ ጎማዋ ዝም ብሏልና።

ሾፌሩ አረፋይኔ ነዳጅ ሲረግጥባት፣
ድምጿ ሰማይ ደርሶ፣ እግሯ ግን ከመሬት።
በወለሉ ስንጥቅ ሽታ ገባ ቀስ ቀስ፣
የተለበለበ የአሮጌ ጫማ ጭስ።
ከመንገድ ዳር አፈር ዘግኖ በተነባት፣
መቶ ክንድ ያህል ወጥታ ተመልሳ አቃታት።

እኔ ረዳት ነበርኩ፤ አሥራ አራት ዓመቴ፣
ሥራዬ ድንጋይ ነው፤ ጎማ ሥር መክተቴ።
ቁልቁል ራሷ ወርዳ ሜዳው ላይ ስትቀር፣
ሁለት በሬ ጠምደን ገባን ከነቀንበር።

መካኒኩ አሊጋዝ፣ አሰብ ወደብ ያየ፣
መፍቻውን አልነካም፤ በጆሮው ነው የለየ።
«የእጅ ፍሬኑን ሳበው፣ አጥብቀህ ያዝና፣
ሦስተኛ አስገባ፤ ፔዳሉን ልቀቅና፣
ሞተሩ ከጠፋ፣ ፍሪሲዮኗ ጤና፤
ሳይጠፋ ቢቀር ግን...» ብሎ ዝም አለ።
አረፋይኔ ለቀቀ፤ ጭሱ ተከተለ፤
ሞተሩ አልጠፋም፤ እንዲያውም ፎከረ፣
ጎማው ታስሮ ሳለ ወሬው ብቻ በረረ።

«አይይዝም» አለና ሌላም ፈተና አዘዘ፣
ፔዳሉን አስረግጦ፣ ማርሹን እየያዘ፦
«ጥርሱ ቢፋጭ ኖሮ፣ አልለቅ ማለቱ ነው፤
ዝም ብሎ ገባ፤ መልቀቅስ መች ጠፋው፣
መያዝ ነው የጠፋው።»

ሞላውን አጠበቀ፣ ሁለት ዙር ሦስት ዙር፤
ዳግመኛ ሞከርነው፤ ያው ፉከራ፣ ያው ግርግር።
ወለሏን ነቅለን፣ ብሎኑን ፈተን፣
ከሆዷ ሾጣጣ ጎድጓዳ አወጣን፤
ብረት ነው፤ ወገቡ በቆዳ ተጠምጥሟል፤
ቆዳው ዘይት ጠጥቶ መስተዋት መስሏል።
«ብረት ቢሆን» አለ፣ «እኔ ነበርኩ ጌታው፤
ቆዳ ግን...» አንገቱን ወደ ወንዙ መለሰው።

ከቦርከና ዳር ነው የፋቂዎች ሰፈር፣
ሰው አፍንጫ ይዞ የሚያልፈው መንደር።
በሻህን ጠራሁት፤ ደጁ ላይ ቆመ ፈርቶ፤
የነጋድራስ እጅ ኩታቸውን አንሥቶ
አፍንጫቸው ላይ ዋለ። በሻህ ግን ግድ የለው፤
ቆዳውን ተቀብሎ እንደ ዳቦ አሸተተው፣
በጥርሱም ነከሰው፦
«የወይፈን ጀርባ ነው፤ ያገር ቤትም አይደል፤
ዘይት አስክሮታል፤ ሰካራም መች ይታገል?
በሞቀ አመድ ቅበሩት፤ እስኪነጋ ይራብ፤
ስካሩ ሲለቀው ይመለሳል ልብ።
በጉሎ ዘይት ጥቂት፣ በጣት ጫፍ ብቻ አርሱት፤
አብዝታችሁ እንደሆን ዳግም አሰከራችሁት።»

ሌሊቱን እኔ አደርኩ፣ አመዱን ስጠብቅ፣
በጣቴ እየነካሁ፣ እስኪሻክር እስኪደርቅ።
ጠዋት ተገጠመ፤ ማርሹም ያው ሦስተኛ፤
ሲለቀው ሞተሩ ድርግም ብሎ ተኛ።
በሞት ደስ ሲለን ያን ቀን ብቻ አየሁ፤
«ይዟል!» ብዬ ጮህኩኝ፤ በሻህን ፈለግሁ።
ጠገራ ብሩን ከሩቅ ወርውረውለት፣
ለቅሞ ሄዷል አሉኝ፣ ሳይዘልቅ ከቤት።

ሐረጎን ስንወጣ ቁልቁል ታየን ወንዙ፤
ዳገቱን ስትይዘው፣ ጎማዎቹ ሲታዘዙ፣
ነጋድራስ ፈገግ ብለው፣ ኩታቸውን አውርደው፣
«የፈረንጅ ጥበብ» አሉ፣ «ብረቱ እኮ ግሩም ነው!»
እኔ አልመለስኩም፤ ድንጋዬን አቅፌ
እጄን አሸተትኩት፣ በሩን ተደግፌ፤
ይዞኝ ነበር ሽታው፣ ደሴ እስክንገባ።