አሥራ ሁለት፣ ስምንት

ጉሙ ከጦሳ አናት ሳይነሳ በማለዳ፣
ጦይባ ሱቄ መጣች፣ ኮምፒውተር ተሸክማ እንደ ዕዳ፤
በብርድ ልብስ ጠቅልላው፣ ገመዱ ተንጠልጥሎ፣
«ይመር፣ እንቢ አለኝ» አለች፣ «ፈቃድሽ አልደረሰም ብሎ።
በገንዘቤ ገዝቼ፣ ደረሰኙ እያለኝ፣
ገና አልተወለድሽም ያለኝ ነው የመሰለኝ።»

ነገ ሰርግ ነው፤ ሸዋል ገብቶ ሙሽራ የተጣደፈበት፣
ቀሚሱ ጥልፍ ማሽኑ ላይ ነው፣ አበባው ግማሽ የወጣበት፤
አሥራ ሁለት ክር ተሰክቶ፣ መርፌው ባየር ላይ ቆሞ፣
ፕሮግራሙ እንደ ክፉ ዘመድ ከበር መልሷት አቂሞ።

ከፈትኩት። ከስክሪኑ ጥግ፣ ከታች በቀኝ ጎኑ፣
አሥራ ሁለት፣ ስምንት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ይላል ቀኑ።
«ማን ሞላው?»
«ልጄ ነዋ፣ ዙቤር። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር
ቀኑ ይጠፋል፤ ከግድግዳው ካላንደር ነው አይቶ የሚያሰፍር።»

ዙቤር አልዋሸም። ዛሬ ሚያዝያ አሥራ ሁለት ናት።
ማሽኑ ግን ፈረንጅ ነው፤ ለእሱ ነሐሴ፣ ያውም የድሮ ክረምት ናት፤
ፈቃዱ እስኪገዛ፣ እሱ ሲቆጥር፣ ሰባት ዓመት ይቀረዋል፤
ላልመጣ እንግዳ ደግሞ ማን ተነስቶ በር ይከፍትለታል?

ክዳኑን ፈታሁ። አቧራ።
ከማዘርቦርዱ ጉያ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ወጣች፣ የሞተች።
ጦይባ አገላብጣ አየቻት፤ «2032 ይላል። እስከዚያ ትቆያለች?»
«ልኳ ነው እንጂ ዘመን አይደለም» ብላት ቅር ያላት መሰለች።

አዲሷን ስከት ሳቅ ብላ፣ «ወደ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ብትመልሰው፣
ያኔ ሁለት ማሽን ነበረኝ…»
ቀልዱን መሐል ላይ ተወችው።

«ይነቃል» አልኳት፤ «ወደ ኋላ የተጎተተ ሰዓት አይወድም፤
አንዴ ከጠረጠረ ቆልፎ ይቀመጣል፣ ቢለምኑት አይሰማም።»
ይህን የተማርኩት በሰው ማሽን ነው። የማን እንደነበር አልናገርም።

ሃያ፣ አራት፣ ሁለት ሺህ ሃያ አራት። ሰዓቱን ጠየቅኳት፤
«አራት» አለችኝ። እኔ አሥር ጻፍኩ። አልተሳሳትሽም አልኳት።

ፕሮግራሙ ተከፈተ። የአበባው ንድፍ ስክሪኑን ሞላ፤ ዝም አለች፤
ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳርፋ የቀረውን ቅጠል ቆጠረች።
የባትሪውን ብቻ ተቀበልኩ። የሞተችውን ለዙቤር ብላ ይዛት ሄደች።

ደረጃውን ስትወርድ ከኋላዋ ጮህኩ፣ በሸዋበር ግርግር መሐል፦
«ንገሪው ለልጁ፣ ካላንደራችሁ ልክ ነው፤ ይመር ብሏል በይው፣ ብሏል።»