ስድስት እርምጃ

ነይ ቁጭ በይ፣ ረድኤት፣ እዚሁ ከደረጃው ሥር፤
መብራቱ እስኪመለስ፣ እጅ ከሚፈታ፣ ንድፍ እንማማር።
ሻማውን ወዲህ አስጠጊ፤ እርሳሱን በምላጭ ቅረጪ፤
ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ በመዳፍሽ ዳምጪ።

ኮምፓሱ የአባቴ ነው፣ ማዘጋጃ ቤት ሳለ
ስንቱን ያልተሠራ አደባባይ የነደፈበት፤
አንድ እግሩ መርፌ፣ አንድ እግሩ እርሳስ፣
አንዱ ተተክሎ ሲቆም ሌላው ሊዞርበት።

ሁለት ጣት ያህል ክፈቺው። ይበቃል። ከዚህ ወዲያ አትንኪው፤
ክቡን ዞረሽ ስትጨርሺም እንዳታጠብቢው፣ እንዳታሰፊው።
አሁን መርፌውን ከክቡ ጠርዝ፣ ከፈለግሽበት አሳርፊ፤
በያዝሽው ስፋት ተራመጂ፤ ነጥብ ጣይ፤ እለፊ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።
ቀስ በይ፤ ሰው የሚስተው አራተኛው ላይ ነው፣
የደረሰ ሲመስለው።
አምስት።
ስድስተኛው ከተነሳሽበት ነጥብ ይገባል፤
ማንም ሳይጎትተው ቤቱን ያውቀዋል።

ለምን ስድስት ሆነ? አላውቅም።
አባቴን ጠይቄው፣ «እግዜር ሲሰፋ በዚህ ነው የሚለካ» አለኝ፤
ሥራ በዝቶበት ነበር፤ እኔም አላመንኩትም።

ነጥቡን ከነጥቡ በማስመሪያ አገናኚ፣ ክቡን በላጲስ አጥፊ፤
ይሄውልሽ ባለ ስድስት ጎን። ሃያ፣ ሠላሳ አድርገሽ ጻፊ።
የንብ ቤት ይመስላል ብልሽ፣ የፒያሳ ልጅ ምን ታውቂያለሽ፣
ንብ ስትባል ከኬክ ቤቱ መስታወት ስኳር ስትልስ ነው ያየሽ።

ወረቀቱ ይጠንክር። የውሃ ቢል ይሳሳል፣
የሠርግ ጥሪ ካርድ ግን ደህና አድርጎ ይዞ ይቆማል።
ይሄኛው ከወረዳ የመጣ ደብዳቤ ነው፤
ማኅተም ያረፈበት በኩል እንደ ካርቶን ነው።
«ቀናት ውስጥ እንድት» ይላል ቆርጠሽ የያዝሽው፤
የቀረው ሌላ ቁራጭ ላይ ሄዷል። አታንብቢው።
ጨርቅ አልብሺው።

ጨርቁን ስትቆርጪ ታዲያ የጥፍር ያህል ትርፍ ስጪ፤
ወደ ኋላ እጠፊና በሰፋፊው ወስውሺ።

ይሄ ቡናማ የጋሽ ተካልኝ ካፖርት ነው፣ የብብቱ ግድም፣ ሳስቷል፤
ይሄ የሲስተር ንግሥት ጋዋን፤ ብታጥቢውም አዮዲኑ አይለቅም፤
ይሄ የሐጂ ሙዘይን ልጅ ዩኒፎርም፣ ቀለም የፈሰሰበት፤
ይሄ የእትዬ ይርገዱ መጋረጃ፣ ግማሹ ፀሐይ የበላው።
ይሄ ጥለት ደግሞ…
ከእሷ ጋር አምስት ዓመት ተኳርፈናል፣ በወረፋ፣ በአንድ ባልዲ ውሃ።
አይሱዙው ዕቃዋን ጭኖ ሞተሩ ሲነሳ
ወረደች፤ ከነጠላዋ ጫፍ ቀደደች፤ እጄ ላይ አኖረች።
ምንም አላለች። እኔም።

ስድስተኛው የኔው ነው፤ ቀን ፒያሳ፣ ማታ ኮዬ ፈጬ፣
በሁለት ታክሲ መሀል ያለቀ ቀሚስ።

በሩ ስድስት ነበር፣ ቧንቧው አንድ፤
እያንዳንዱ በር በግራም በቀኝም ግድግዳ ይጋራል፣
የአንዱ ሳል የሌላውን ልጅ ይቀሰቅሳል።
ዛሬ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ አባዶ፣ አንዱ አራተኛ ፎቅ፣
ደውለሽ «ደረጃውስ?» ብትይ ሳቅ።

መሀሉ ነው ያስቸገረኝ።
ሰማያዊ አልኩ፣ ለውሃው። ግን ውሃ በሳምንት ሁለቴ ነበር፤
ሰማያዊ ይዋሻል።
ፈታሁና ቢጫ ሰፋሁበት፣ የጄሪካኑን ቢጫ።
ያየ ሁሉ «አደይ!» ይላል። ይበል።
ጄሪካን ነው።

ልጄማ አንዴ ገልጣው «እማዬ፣ ይሄ እኮ ድሪቶ ነው» አለች።
አዎ፣ ድሪቶ ነው። ስሙን አልቀየርኩበትም።
ብርድ ግን ስም አይጠይቅም።

መጣ መብራቱ! ሻማውን እፍ በይው፤
ያ የሱሪ ቁምጣት ለነገ አሥር ሰዓት ነው፣ መኪናውን አስነሺ።
ኮምፓሱን? ተዪው፣ አትዝጊው፤
ስፋቱን እንደያዘ ይደር።