ጉዳዩ፦ ስሜን ስለማስታረቅ

ቀኑን ከላይ በቀኝ፤ አዎ፣ እዚያ ጋ ጻፈው።
የናንተን ቀን ጻፍ እንጂ የእኛንስ እለፈው፤
እሱ ነው ያስያዘኝ። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።
በሰባራ ዐረብኛ እኔ አወራልሃለሁ፣
አንተ በእንግሊዝኛ ጠግነው፣ ቢጁ።

እጥፍወርቅ ሽበሺ።
ከአፍ ሲወጣ አንድ ነው፤ አንዲት እናት የጠራችኝ።
በላቲን ጊዜ ነው ስሜ ሦስት ቦታ የበተነኝ፤
ፓስፖርቱ በ«አይ» ጀመረኝ፣
ዲፕሎማው በ«ኢ»፣
የሥራ ልምዱ ደግሞ ወርቄን ከጫፉ ጎረደብኝ።
ማሽናቸው መረመረና «ሁለት ሰው ናት» አለ።
አባቴ ከአንድ ልጅ እጥፍ ወርቅ ሊያይ ጓጉቶ እንጂ
በወረቀት እንድባዛ ብሎ መች አወጣው?
አትሳቅ። ይኸን አትጻፍ።

«የቤተሰብ ስም» የሚለው ሣጥን ውስጥ ሽበሺ ይግባ።
ቤተሰብ አይደለም፣ አባቴ ነው፤
ጎጃም ውስጥ በቅሎ ሲነግድ የሞተ ሰው።
ከምዝገባ ክፍል ሲጽፉልኝ «ወይዘሮ ሽበሺ» ይሉታል፣
አፈሩ ይቅለለውና።
ያንተም ሚስት ስሟ አንድ ቃል ሆኖ
ሣጥን ባዶ ቀረባት አላልከኝም?

አሁን ወደ ቀኑ።
የተመረቅኩት ሐምሌ ሁለት ሺህ አንድ ነው፤ በእኛ ነው፣ በእኛ!
እነሱ በነሱ ቆጥረው ከልደቴ ቀነሱና
«በአሥራ ሦስት ዓመቷ አዋላጅ?» ብለው መለሱት።
ስምንት ዓመት ቀድመው የሮጡ እነሱ፣
መስከረምን ስንጠብቅ የቀረን እኛ፤
ከመሃላችን ውሸታም የለም። እንደሱ በል።

ዘጠኝ ዓመት ቡሬ ጤና ጣቢያ፣ ማዋለጃ ክፍል።
መብራት በጠፋ ሌሊት፣ የስልክ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ
የተቀበልኳቸው ሕፃናት
ስሜ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ አልጠየቁም።
«ማስረጃ ይያያዝ» ይላል ቅጹ።
አንዱ ማስረጃ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ገብቷል፣
ኳስ ይጫወታል።

አሁን የምሠራው? «የቤት ሠራተኛ» በል፤
መታወቂያው እንደዚያ ነው የሚለው።
አል-ኹወይር፣ አሮጊቷን ሸምሳን እጠብቃለሁ።
ስኳር አለባት። መርፌ አትንኪ ተብያለሁ፣ አልነካም፤
ፈቃድ የለኝም።
ፍሪጅ ስከፍት መድኃኒቱን እንደ ሰው ባል
አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ሌሊት ግን፣ ይኸን ጻፍ፣ አይ ተወው፣ እሺ ጻፍ፣
በላብ ተጠመቀች። የገዛ ልጇ ስም ጠፋባት።
መርፌ አልነካሁም።
በጎኗ አስተኝቼ የቴምር ማር ነው በጣቴ
ድዷ ላይ ያሸሁት፣ ጥቂት በጥቂት፣ ጥቂት በጥቂት፣
እስክትሰድበኝ ድረስ።
ስትሰድበኝ አለቀስኩ።

አምቡላንሱ ሲደርስ ሰውየው ብዕሩን አውጥቶ
«ማነው የረዳት?» አለ።
ልጇ እኔን አየ፣ ቅጹንም አየ፣
«ቤተሰብ» ብሎ አስሞላ።
ሁለተኛው «ቤተሰብ» ነው ይኸ፣ ቢጁ፤
በሁለቱም ሣጥን እኔ የለሁበትም።

እሺ፣ ሰርዘው። ከአንድ ገጽ አይለፍ ብለሃል።
የፈተናው ውጤት ሊያልፍበት ስድስት ወር ቀርቶታል፣ እሷን ጨምርና
እንዲህ ብለህ ዝጋው፦
ሦስቱም ስሞች አንዲት ሴት ናቸው፤
ቢጠሯቸው በአንድ አፍ አቤት ይላሉ።

ስንት ነው? ሁለት ሪያል?
ባለፈው አንድ ተኩል ነበር።

ፊርማውን በራሴ ፊደል ልፈርም።
ስድስት ሆሄ ነው፣ እየው፤
ሣጥኑ ይበቃዋል።